ሰው ፊት መቼ ልውጣ? ለጀማሪ ዲጄ የመዘጋጃ መመሪያ

ጥር ሲቃረብ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ጥያቄ ይደጋገምብኛል። ኮንትሮለር፣ ማለትም ዲጄ ዘፈን የሚቀያይርበትን መሣሪያ፣ ከገዛ ስድስት ወር ያልሞላው የሰፈር ልጅ ይመጣል። "ጋሼ፣ የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው። ዲጄው አንተ ሁን ብለውኛል። ልያዘው?" ይለኛል።

እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ። "ዘፈን ስትቀይር ዓይንህ የት ነው?"

ብዙዎቹ ጥያቄው ግር ይላቸዋል። ስለ ሚክስ፣ ስለ ኢፌክት፣ ስለ ላፕቶፑ ጉልበት እንድጠይቃቸው ነበር የጠበቁት። ለእኔ ግን መድረስ ማለት ይሄው ነው። እጅህ ሥራውን ለብቻው ሲሠራና ዓይንህ ሰው ለማየት ነጻ ሲወጣ፣ ያኔ ደርሰሃል። ዓይንህ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ እስካለ ድረስ ግን ሚክስህ የቱንም ያህል ቢያምር ገና ነህ። አንቺም ብትሆኚ ያው ነው።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያ ሰርጌን የያዝኩት ልምምድ በጀመርኩ በአራተኛው ወር ነበር። ድንኳን ውስጥ ነው፤ ሰዉ ሞልቷል። እጄ አልከዳኝም። ዘፈን ከዘፈን ሲገናኝ ጥሩ ይመጣ ነበር። አንድ ሽማግሌ ለምርቃት ተነሱ። ሰው ሁሉ አብሮ ተነስቶ እጁን ዘረጋ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የሚቀጥለውን ዘፈን እየፈለግኩ ነው። ዘፈኑ እየጮኸ ቀጠለ። መድረክ መሪው መጥቶ ትከሻዬን እስኪነካኝ ድረስ ቀና አላልኩም። የሙሽራው አባት አልተቆጡኝም። አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝና ፊታቸውን ወደ ሽማግሌው መለሱ። ያቺ አስተያየት እስካሁን አብራኝ አለች። ያንን ምርቃት ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሙሽሮቹ ደግሞ ሁለተኛ አያገኙትም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ሂድባቸው። አንዱን ሳታልፍ ወደ ሌላው አትዝለል።

1. ጊዜህን በጾሙ ቁጠር

እኛ አገር የሰርግ ጊዜ የታወቀ ነው። ከጥምቀት በኋላ ጥርና የካቲት ላይ ይደራል። ሁዳዴ ሲገባ ይቆማል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እንደገና ይከፈታል። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ዕድል ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይቆያል፤ ከዚያ ጥር ነው። ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን አለው። ስምንት ሳምንት ሙሉ ሰርግ የለም፣ ማንም አይጠራህም፣ ማንም አያጣድፍህም። ያ ጊዜ የልምምድህ ነው።

ቤታችሁ ጾም የሚጠበቅበት ቤት ከሆነ በሄድፎን ተለማመድ። እናትህ ሱባኤ ላይ ሆነው አንተ ጭፈራ አትክፈትባቸው። ደግሞም በሄድፎን መለማመድ በራሱ ጆሮ ይስላል።

በቀን አንድ ሰዓት ይበቃል። እሑድ አምስት ሰዓት ተቀምጦ ሳምንቱን ሙሉ ከመተው፣ በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ይሻላል። እጅ የሚለምደው በድግግሞሽ ነው።

2. ጆሮህን ፈትን

ሁለት ዘፈን ውሰድ። ስክሪኑ ላይ የፍጥነቱን ቁጥር፣ ቢፒኤም የሚባለውን፣ በወረቀት ሸፍነው። ፍጥነቱን በራሷ የምታስተካክለዋን፣ ሲንክ የምትባለዋን ቁልፍ አትንካት። አንዱን በስፒከር፣ አንዱን በሄድፎን እየሰማህ ፍጥነታቸውን አቻ አድርግ።

"ሲንክ እያለልኝ ለምን እደክማለሁ?" የሚል አለ። እንዲህ ነው። ሶፍትዌሮቹ የተሠሩት በአብዛኛው በአራት ለሚቆጠር ሙዚቃ ነው። የእኛ ችክችካ ግን 6/8 ነው። ሁለት ትልልቅ ምት አለው፤ እያንዳንዱ ምት ደግሞ በሦስት ይከፈላል። ሶፍትዌሩ ይህን ሲያነብ አንዱን ዘፈን በትክክል ይቆጥርልህና ሌላውን በግማሽ ወይም በአንድ ተኩል እጥፍ ሊቆጥረው ይችላል። በስክሪኑ አምነህ ሲንክ ስትጫን፣ ትከሻው እየወረደ ያለ ሰው ድንገት እግሩ ይጠፋበታል።

የድሮ ዘፈን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በ1960ዎቹ በእኛ አቆጣጠር በሸክላ የታተሙትን አስብ። ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ አብሮ ነው የተጫወተው። ምቱን የሚጠብቅ ኮምፒውተር አልነበረም። ከበሮ መቺው ሞቅ ሲለው ትንሽ ይፈጥናል፤ ዘፋኙ ሲያዜም ትንሽ ይረጋጋል። የዘፈኑ ነፍስም እዚያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ያስተካከልከው ፍጥነት ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አይሠራም። በጆሮህ እየተከተልክ፣ በጣትህ እየገፋህና እየያዝክ ነው የምታልፈው።

ቁጥሩን ራስህ ማወቅ ከፈለግህ ስልክህ ላይ 15 ሰከንድ ያዝ። ትልቁን ምት በእግርህ እየመታህ ቁጠርና በ4 አባዛው። ከሶፍትዌሩ ጋር ካልገጠመ ሶፍትዌሩ ላይ አርመው። ለእያንዳንዱ ዘፈን አንዴ ከሠራኸው ቀሪ ነው።

ቅኝትም አትርሳ። ሶፍትዌሩ የዘፈኑን ኪይ፣ ዜማው የቆመበትን የድምፅ መደብ፣ ሲነግርህ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ሜጀርና ማይነር ብቻ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብሎ አይነግርህም። በተለይ አንቺሆዬን እዚያ ሳጥን ውስጥ ልክተት ብትል አይገባም። ሁለት ዘፈን በስክሪኑ ላይ "ይገጥማሉ" ተብለው ሲደራረቡ ግን እንደ ተጣሉ ሰዎች ሊጮሁ ይችላሉ። የእኔ ደንብ ቀላል ነው። ድምፃዊ በድምፃዊ ላይ አልደርብም። የመጀመሪያው ዘፈን አዝማቹን ጨርሶ ሙዚቃው ብቻ ሲቀር፣ የሚገባውን በከበሮው አስገባለሁ። የሚወጣውን ዘፈን ቤዝ፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቀድሜ እቀንሳለሁ። ሁለት ቤዝ አንድ ላይ ከጮኸ ድምፁ ይታፈናል።

አዳዲሶቹ በአራት የሚቆጠሩ ዘፈኖች ላይ ደግሞ ለውጡ ብዙ ጊዜ በየ32 ምቱ ይመጣል። ቁጠረውና ታገኘዋለህ። መግባትም መውጣትም እዚያ ላይ ያምራል።

ፈተናው ይኸውልህ። ቢፒኤሙ ተሸፍኖ፣ ሲንክ ሳይነካ፣ 10 ጊዜ ዘፈን ቀይር። 8ቱ ለጆሮ ካልከበዱ አልፈሃል። ከዚያ 10ሩን እንደገና ሥራ፤ አሁን ግን ግማሹን ጊዜ ቀና ብለህ መስኮቱን እያየህ። እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚወድቀው። ከወደቅክ አትዘን፤ ምን ላይ መሥራት እንዳለብህ አወቅክ ማለት ነው።

3. አንድ ሰዓት ሙሉ ቅዳ

ሳታቋርጥ 60 ደቂቃ ተጫወትና ቅዳው። ስትሳሳት አታቁም። ስህተቱን ተሸክመህ ቀጥል፤ ሰርግ ላይ "ይቅርታ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር" የሚባል ነገር የለም።

ቅጂውን ያን ቀን አትስማው። ያን ቀን ጆሮህ ያዝንልሃል። በማግስቱ፣ በሌላ ስፒከር፣ ሌላ ሥራ እየሠራህ ስማው። ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛ ካለህ ባጃጁ ውስጥ አስከፍተው። የት ላይ ነው ጆሮህን ከሥራህ የነጠቀህ? የት ላይ ነው "ኧረ!" ያልከው? ደቂቃውን ጻፈው።

እኔ የምለካው በስህተት ብዛት አይደለም። ከስህተቱ ለመውጣት ስንት ሰከንድ ፈጀብህ በሚለው ነው። ሁሉም ዲጄ ይስታል። የደረሰው ግን በአምስት ስድስት ሰከንድ ይወጣል፤ ጨፋሪውም አያውቅም። ገና የሆነው ግማሽ ደቂቃ ይዋኛል። ሦስት ሳምንት በተከታታይ ሦስት ቅጂ ሥራ። ሦስቱም ላይ ዝምታ ካልተፈጠረና ከአስር ሰከንድ በላይ የቆየ ዝብርቅርቅ ከሌለ ወደ ፊት ሂድ።

4. ዘፈንህን እወቅ

ሒሳቡን እንሥራ። የእኛ ዘፈን ብዙውን ጊዜ አምስት ደቂቃ አካባቢ ነው። ጭፈራ ላይ ሙሉውን አትከፍትም፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ወስደህ ትቀይራለህ። በሰዓት 20 ዘፈን ማለት ነው። አራት ሰዓት የሚቆይ ሰርግ 80 ዘፈን ይበላል። 80 ብቻ ይዘህ ከሄድክ ግን ምርጫ የለህም፤ የያዝከውን ነው የምታራግፈው። ቢያንስ ሦስት እጥፉን፣ 240 ያህል፣ በደንብ የምታውቃቸው ይኑሩህ።

በደንብ ማወቅ ስል ስሙን ማወቅ ማለቴ አይደለም። ድምፃዊው ስንተኛው ሰከንድ ላይ ይገባል? አዝማቹ የት ያልቃል? መጨረሻው ይቆረጣል ወይስ እየቀነሰ ይጠፋል? ይህን ሳታስብ መመለስ ከቻልክ ዘፈኑ ያንተ ነው። ላፕቶፕህ ላይ የተከመረ አምስት ሺህ የማታውቀው ዘፈን ምንም አይረዳህም። እንዲያውም ስትፈልግ አንገትህን ያስደፋሃል።

ሰሜን ሸዋ ላይ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። የሙሽራው ወገን ከመንዝ ሊመጣ ይችላል። የሙሽሪት እናት ወገን ከሰላሌ። ጓደኞቻቸው ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ይመጣሉ። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ከአገሩ ዳር ሁሉ ልጆች ያመጣል፤ ተመርቀው እዚሁ የቀሩም ብዙ ናቸው። ስለዚህ የሸዋው እስክስታ ብቻ አይበቃህም። የሰላሌ ረገዳ፣ ጉራጊኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ፣ የትልልቆቹ የድሮ ዘፈን፣ የወጣቱ አዲስ፣ ሁሉም ይኑርህ። በየፎልደሩ ለያቸው። አንድ የሙሽራው አጎት "የእኛን አገር አንዴ" ብለው ሲጠይቁህ በአስር ሰከንድ ውስጥ ማግኘት አለብህ። እንግዳ የመጣበትን አገር ዘፈን መስማት ለእሱ ከራት ይበልጣል።

የፋይል ጥራት ላይ አትቆጥብ። ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ ዘፈን በሄድፎን ደህና ይመስላል። በትልቁ ስፒከር፣ በሞንታርቦ ሲወጣ ግን ቤዙ ይሟሟል፤ ላይኛው ይቧጭራል። ከተቻለ 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ያዝ።

ፍላሽህን ደግሞ በፋት32 ፎርማት አድርገው። የቆዩ ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ ሌላውን አያነቡም። ሁለት ፍላሽ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ጫን። ስልክህ ላይም የተወሰነ ዘፈንና ድምፆችን ወደሚያቀላቅለው ሚክሰር የምትሰካበት ገመድ ይኑርህ። ላፕቶፕ መቼ እንደሚቆም አይናገርም።

5. መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ?

ይህን የምታነበው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ለምን እንደማጠብቀው ታውቃለህ። መብራት ይጠፋል። ጥያቄው ያን ጊዜ እጅህ ወዴት ይሄዳል ነው።

ላፕቶፕህ ባትሪ አለው፤ ዘፈኑ ስክሪኑ ላይ ይቀጥላል። ለስፒከሩ ጉልበት የሚሰጠው አምፕሊፋየር ግን ሞቷል። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ወይም መብራቱ ድንገት ሲመለስ በተከፈተ ድምፅ ላይ ከመጣ "ጧ!" ይላል። ያ ድምፅ ስፒከር ያቃጥላል፤ ልጅ ያስለቅሳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በቃልህ ያዝ። መጀመሪያ ዋናውን ድምፅ ዝቅ አድርግ። አምፕሊፋየሩን አጥፋ። ጄኔሬተሩ ተነስቶ ድምፁ እስኪረጋ ጠብቅ። ከዚያ ሚክሰሩ፣ መጨረሻ ላይ አምፕሊፋየሩ። ድምፁን ቀስ ብለህ ክፈት። ሲበራ አምፕሊፋየር የመጨረሻ ነው፤ ሲጠፋ የመጀመሪያ።

ቤት ውስጥ ታናሽ ወንድምህን ቅጠረው። አንተ እየተጫወትክ ሳለ ሳይነግርህ ማከፋፈያውን ይንቀል። ሌላ ቀን የሄድፎንህን ገመድ ይንቀል። ሌላ ቀን ፍላሹን ያውጣ። መጀመሪያ ትደነግጣለህ። በአምስተኛው ቀን ግን እጅህ ራሱ መንገዱን ያገኛል። ይህ ልምምድ የትም ቪዲዮ ላይ አይገኝም፤ ለእኔ ግን ከየትኛውም ኢፌክት በላይ ጠቅሞኛል።

ሌላው የአየር ነገር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ነች። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ይወርዳል፤ ማታ ድንኳን ውስጥ ጣት ይደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ትንሿን ቁልፍ ይስታል። ጣቱ የተቆረጠ የሹራብ ጓንት ያዝ፤ ቤትም አድርገኸው ተለማመድ። ሥራው ሸዋሮቢት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ንጋት ላይ በውርጭ ጭነህ፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፈህ፣ ቆላ ትወርዳለህ። የቀዘቀዘ ዕቃ ሙቀትና እርጥበት ያለው አየር ውስጥ ወዲያው ሲከፈት ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ሻንጣውን ሳትከፍት አንድ ሰዓት ያህል አቆየው። ከዚያ ሰካ። ላፕቶፑንም ፀሐይ ላይ አታስቀምጥ።

6. ሞንታርቦ ተሸከም

አንድ ልምድ ያለው ዲጄ ፈልግና "ጋሼ፣ ልርዳዎት" በል። ሞንታርቦ አውርድ፣ ገመድ ዘርጋ፣ ጄኔሬተር ነዳጅ ሙላ። ገንዘብ አትጠይቅ። ሦስት ሰርግ እንዲህ ከሄድክ የማላስተምርህን ታያለህ።

በተለይ ዓይኑን ተከተል። እጁን አይደለም። ሰው ሲገባ የት ያያል? ወጥ ቤቱ ሲንቀሳቀስ ምን ያደርጋል? ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅ ምልክት ሲሰጥስ? በሦስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ስክሪኑን ስንት ጊዜ እንደሚያይ ቁጠር። ታናሽ ሆነህ ካልታዘብክ ታላቅ ሆነህ አታየውም።

ሁለት ነገር ጠይቀህ ተማር። አንደኛው፣ ስፒከሩ "እምምም" ሲል ምን ይደረጋል? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የላፕቶፑ ቻርጀር ነው። ነቅለህ ሞክረው፤ ድምፁ ከጠፋ እሱ ነው። ሚክሰሩና ላፕቶፑ ከአንድ ማከፋፈያ ቢሰኩ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ማይክ ሲያፏጭ። ማይኩ ወደ ስፒከሩ ፊት ሲቀርብ የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማል፤ ለዚያ ነው የሚያፏጨው። ስፒከሩን ከተናጋሪው ወደ ፊት አስቀድመህ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙረው። ሽማግሌ ማይክ ይዘው ሲራመዱ አብረሃቸው ዓይንህን ላክ፤ ወደ ሞንታርቦው ከቀረቡ ቀድመህ ቀንስ።

7. ለሃያ ሰው ተጫወት

አሁን ሰው ያስፈልግሃል፤ ግን ጥቂት። የጎረቤት ልጅ ልደት፣ የተማሪ ምርቃት፣ የቤት ምረቃ። ሃያ ሰው ይበቃል። ጓደኞችህ ዳኛ አይሆኑህም። ይወዱሃል፤ ምንም ብትከፍት ይጨፍራሉ። ዳኛህ የማታውቃቸው እትዬ ናቸው፤ ጥግ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡት። እግራቸው መሬቱን መታ መታ ካደረገ ጥሩ ነው። ትከሻቸው ከተነቀነቀ በጣም ጥሩ ነው። ተነስተው ከገቡ እሰየው።

መሐል ያሉትን ጨፋሪዎች ብቻ አትይ። እነሱ ሞቅ ብሏቸዋል። ዳሩን እይ። ሰው መሄድ የሚጀምረው ከዳር ነው። አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ ሁለተኛዋ ውሃ ልጠጣ ትላለች፣ ከዚያ ድንገት መሐሉ ባዶ ነው። ዳሩን ካየህ ግን መሐሉ ባዶ ከመሆኑ አንድ ዘፈን ቀድመህ ታውቃለህ።

በኒውዮርክ ብሮንክስ ነሐሴ 1973 እ.ኤ.አ. ኩል ኸርክ የሚባለው ዲጄ ከእህቱ ጋር አንድ ግብዣ አዘጋጅቶ ነበር። ብዙዎች የሂፕ ሆፕን ልደት ከዚያ ቀን ይቆጥሩታል። ኸርክ ያደረገው ትልቅ ነገር ከማየት የመጣ ነው። ጨፋሪዎቹ የሚጠብቁት ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርባትን አጭር ክፍል መሆኑን አስተዋለ። ከዚያ ያቺን ክፍል ማስረዘሚያ መንገድ ፈለገ። አስቀድሞ ያየው እግራቸውን ነበር። ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው።

የዚህ ደረጃ ፈተና፦ ቤቱ ሲቀዘቅዝ በሁለት ዘፈን ውስጥ መልሰህ ማሞቅ ትችላለህ? ሦስት ዝግጅት ላይ ይህን ካደረግህ ሰርግ መያዝ ትችላለህ ብዬ በሙሉ ልቤ እነግርሃለሁ። ካልቻልክ አራተኛ ልደት ፈልግ።

8. ሰርጉን ስትቀበል

ሰርግ ከጭፈራ ሌላ ብዙ ነገር አለው። ሙሽሮች ሲገቡ፣ ምሳ ሲበላ፣ ኬክ ሲቆረስ፣ ሚዜዎች ሲገቡ፣ ሁሉም የየራሱ ሙዚቃ አለው። መልስ ደግሞ ሌላ ነው፤ ባህል ልብስ ተለብሶ ቤተ ዘመድ የሚጫወትበት ስለሆነ ባህላዊው ይበዛል።

ከሳምንት በፊት ከመድረክ መሪው ጋር ቁጭ በል። ፕሮግራሙን በሰዓት ጻፈው። ምርቃቱ ስንት ሰዓት ነው? ማን ነው የሚመርቁት? የት ይቀመጣሉ? ቀድመህ ሄደህ ፊታቸውን እወቃቸው። እሳቸው ወንበሩን ያዝ አድርገው መነሳት ሲጀምሩ እጅህ ድምፁ ላይ መሆን አለበት። ከመድረክ መሪው ጋርም በእጅ ምልክት ተግባቡ፤ ለዝቅ በል፣ ለቁም፣ ለክፈት።

መዝሙር የሚጠየቅበት ሰርግ ከሆነ መዝሙሩ ለብቻው ፎልደር ውስጥ ይሁን፤ ከዘፈን ጋር አይቀላቀል። ከመዝሙር ወደ ጭፈራ ስትሻገር መሐሉ ላይ ትንሽ ዝምታ ስጥ። ወደ ሸዋሮቢትና አጣዬ በኩል የሙስሊም ሰርግ ሊገጥምህ ይችላል። ምን እንደሚፈቀድ፣ ነሺዳ ወይስ ዘፈን፣ ቤተሰቡን አስቀድመህ በአክብሮት ጠይቅ። ገምተህ አትሂድ።

ቀብድ ተቀበል። መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር የማን እንደሆነ ተነጋገሩ።

ገና ነህ የምልህ መቼ ነው?

የመጀመሪያዎቹን አስር ዘፈኖች በቅደም ተከተል ጽፈህ ከዚያ መውጣት ከፈራህ፣ ገና ነህ። ሰው ዘፈን ሲጠይቅህ ከተናደድክ፣ ገና ነህ። ሚክሰሩ ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ቀይ እስኪሆኑ ድረስ ድምፅ የምትጨምረው ቤቱ ስለቀዘቀዘብህ ከሆነ፣ ገና ነህ። ቀይ ማለት ድምፁ እየተቀደደ ነው ማለት ነው፤ የተቀደደ ድምፅ ማንንም አያስነሳም። ሲጠሩህ እንቢ ማለት ካልቻልክም ገና ነህ። "እትዬ፣ ለዚህ ጥር አልደረስኩም፤ ከፋሲካ በኋላ ግን እኔ ነኝ" ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም። እኔ ይህን ማለት ባውቅ ኖሮ ያ ምርቃት አይበላሽም ነበር።

ሆድህ ስለተላወሰ ብቻ ግን ገና ነኝ አትበል። እኔም እስከ ዛሬ ይላወሳል።

የዕለቱ ሥራ

ሁለት ሰዓት ቀድመህ ድረስ። ባዶ ድንኳን ውስጥ ድምፁን ሞክር፤ ሰው ሲሞላ ድምፅ ይዋጣል፤ ለዚያ ትንሽ ቦታ ተውለት። ድንኳኑን ዞረህ ከኋላም፣ ከጥግም፣ ከሽማግሌዎቹ ወንበርም ስማ። ሞንታርቦው ሽማግሌዎቹ ጆሮ ሥር ከሆነ ዛሬውኑ ቦታውን ቀይር።

የራስህንም ጆሮ ጠብቅ። የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ 85 ዴሲቤል ስምንት ሰዓት ይቻላል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የጭፈራ ድምፅ እዚያ መድረስ አይከብደውም። የጆሮ መድፈኛ ግዛ። በማግስቱ ጆሮህ የሚጮህ ከሆነ አብዝተሃል።

ምሳ ላይ ቀስ ያለውን ክፈት፤ ሰው እንዲያወራ። ትልልቆቹ ቶሎ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ የእነሱን ዘፈን አስቀድም። ወጣቱ ይጠብቅሃል። በየዘፈኑ አንድ ጊዜ ሙሉ ድንኳኑን በዓይንህ ዙር። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ መድረክ መሪው፣ ከዚያ ወደ እጅህ ተመለስ። በመጀመሪያ ሰርግህ ይህን እየረሳህ ትቸገራለህ። ላፕቶፑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር "ቀና በል" ብለህ ለጥፍ። እኔ ለጥፌ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቆየ።

ሲያልቅ አምፕሊፋየሩን አስቀድመህ አጥፋ። ገመዱን እንደ ልብስ አትጠምዝዘው፤ ሰፋ አድርገህ ክብ ሥራና እሰረው። ፍላሾችህን ቁጠር። ከመተኛትህ በፊት ማስታወሻህን አውጣና ሁለት ነገር ጻፍ፦ ሰው ወደ ወንበሩ የተመለሰው የትኛው ዘፈን ላይ ነው፣ መልሶ ያስነሳውስ የትኛው ነው።